ታፔላው ላይ የተጻፈው ቁጥር

ቂሊንጦ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ካለ መንደር፣ አንዲት እናት ግቢያቸው ውስጥ ከተራገፈው አሸዋ አጠገብ ቆመው ሁለት ወረቀት አሳዩኝ። የሁለት ተቋራጮች የዋጋ ማቅረቢያ ነው። ከጡረታቸው ቆጥበው፣ ዓረብ አገር ያለች ልጃቸው የላከችውን ጨምረው፣ ምድርና አንድ ፎቅ ቤት ሊያሠሩ ተነሥተዋል።

"ልጄ፣ አንደኛው ደረጃ 5 ነኝ ይላል። ሁለተኛው ደረጃ 8 ነኝ ይላል። የስምንቱ ዋጋ ረክሶልኛል፤ ቁጥሩም ይበልጣል። ታዲያ ምን ያስጨንቀኛል?"

"እማማ፣ እዚህ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ደረጃው ይቀንሳል። ትልቁ 1 ነው፤ ትንሹ 10።"

ወረቀቶቹን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ዝም አሉ። ቆይተው፣ "እንዲያ ከሆነ አምስቱ ጥሩ ቤት ይሠራልኛል ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

በአንድ ቃል መመለስ አቃተኝ። "አዎ" ብላቸው ለቁጥሩ የማይገባውን እምነት መስጠት ነው። "አይደለም" ብላቸው ደግሞ መንግሥት ያወጣላቸውን ብቸኛ ሚዛን ከእጃቸው መንጠቅ ነው። ያን ቀን ያልመለስኩላቸውን እዚህ ለመመለስ እሞክራለሁ።

ስለ ተቋራጮች ደረጃ ለማውራት ከቂሊንጦ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ብዙ ሰው የሰፈሩን ስም የሚያውቀው በማረሚያ ቤቱ ነው። አካባቢውን በእግሩ የዞረ ግን ሌላ ነገር ያያል። ትናንት ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት በነበረው በዚህ የአቃቂ ቃሊቲ መሬት ላይ የአገሪቱ የግንባታ ዓይነቶች ሁሉ ጎን ለጎን ቆመዋል። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚህ ነው። ሄኒከን በ2007 ዓ.ም. የከፈተው ትልቁ ቢራ ፋብሪካ እዚህ ነው። ለመድኃኒት አምራቾች የታሰበው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚህ ነው። ወዲያ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ተደርድረዋል፤ በመሃላቸው ባለቤቶቻቸው እንደ አቅማቸው የሚገነቧቸው የግል ቤቶች አሉ። በአንድ በኩል ብረት በክሬን ይሰቀላል፤ በሌላ በኩል አንድ ግንበኛ ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር ብሎኬት ይደረድራል።

በአብዛኞቹ ሳይቶች በር ላይ ታፔላ አለ። የአሠሪው ስም፣ የአማካሪው ስም፣ የተቋራጩ ስም፣ ከተቋራጩ ስም አጠገብ ደግሞ ሁለት ፊደልና አንድ ቁጥር። አላፊ አግዳሚው ያንን ቁጥር አይቶ ያልፋል። በዚያ ግንባታ ላይ ማን እንዲቀርብ እንደተፈቀደለትና ማን ከበሩ እንደተመለሰ የወሰነው ግን እሱ ነው።

ፊደሎቹ ዘርፉን ይናገራሉ። ጂሲ ማለት ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ሕንፃም መንገድም ሌላም የመሥራት ፈቃድ አለው። ቢሲ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ አርሲ የመንገድ። ከእነዚህ ውጭ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ የሚሠሩ ልዩ ተቋራጮች አሉ። ቁጥሩ ከ1 እስከ 10 ይሄዳል፤ በየደረጃው ሊወዳደሩበት የሚፈቀደው ሥራ መጠን ይለያያል። ስለዚህ የጨረታ ማስታወቂያ "ደረጃ 5 እና ከዚያ በላይ" ሲል 5፣ 4፣ 3፣ 2 እና 1ን ማለቱ ነው። እናትየዋ የተሳሳቱት ባለማስተዋል አይደለም፤ አገላለጹ ራሱ ላላወቀው ሰው ግልብጥ ነው።

ይህን ማረጋገጫ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በአጭር ጊዜ ውስጥ ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል። ሥራና ከተማ ልማት ሚኒስቴር ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ኮንስትራክሽን ለብቻው ሚኒስቴር ተቋቋመለት፤ በ2011 ዓ.ም. ተመልሶ ከከተማ ልማት ጋር ተዋሐደ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር መጣ። ዛሬ በፌዴራል ደረጃ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ባለሥልጣን ነው። ክልሎችና የአዲስ አበባ አስተዳደርም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ረጅም ዕድሜ ያለው ተቋራጭ ፋይሉን ቢከፍትላችሁ የእነዚህን መሥሪያ ቤቶች ማኅተም በተራ ታዩታላችሁ። መዝገብ ከቢሮ ቢሮ ሲዛወር፣ ኃላፊ ሲቀየር፣ የተቋራጩን የሥራ ታሪክ ከዓመት ዓመት የሚከተል ዓይን አብሮ መቋረጡ አይቀርም።

አንድ ድርጅት ደረጃ ለማግኘት ምን ያቀርባል? በጥቅሉ ሦስት ነገር ነው፤ ባለሙያ፣ መሣሪያና ገንዘብ። ከፍ ወዳለው ደረጃ ለመውጣት ደግሞ ቀደም ሲል የሠራው ሥራ ይጠየቃል። ባለሙያ ሲባል የተመዘገቡ መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ናቸው፤ የትምህርት ማስረጃቸውና የሙያ ምዝገባቸው ይያያዛል። መሣሪያ ሲባል እንደ ዘርፉ ሚክሰር፣ ቪብሬተር፣ ገልባጭ መኪና፣ ሎደር፣ ግሬደር፣ ሮሎ ነው፤ የባለቤትነት ሊብሬው ይታያል። ገንዘቡ በካፒታልና በሒሳብ መግለጫ ይረጋገጣል። ፋይሉ ሲሟላ የብቃት ማረጋገጫው ይሰጣል፤ በእሱም ንግድ ፈቃድ ይወጣል፤ በየጊዜውም ይታደሳል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከዘረዘርኳቸው ውስጥ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው በአብዛኛው ድርጅቱ የያዘው ነገር ነው። ኮንክሪቱ ሲቦካ ስንት ባልዲ ውኃ እንደተጨመረበት የሚናገር ገጽ የለም። የዓምዱ ስታፋ በስንት ሳንቲ ሜትር ርቀት እንደታሰረ የሚናገር ገጽም የለም።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ጥቃቅን ይመስላሉ። የቤቱ ዕድሜ ያለው ግን እነሱ ውስጥ ነው። ሲ 25 የሚባለው ኮንክሪት በ28ኛው ቀን ሲፈተን በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን ጫና መሸከም አለበት። ይህ የሚታወቀው ከሚፈሰው ኮንክሪት ላይ ተወስዶ፣ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር በአሥራ አምስት በአሥራ አምስት በሆነ የብረት ሳጥን ውስጥ ተሞልቶ፣ ውኃ ውስጥ ቆይቶ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በማሽን በሚጨፈለቅ ኩብ ነው። ሙሌት ላይ ያለ ሠራተኛ ኮንክሪቱ ደርቆ አልፈስ ሲለው ውኃ ይጨምርበታል። ሥራው ይቀልለታል፤ ሲደርቅም ዓይን ላይ ምንም ለውጥ የለውም። ትርፉ ውኃ ሲተን ግን ቦታውን ባዶ ትቶ ይሄዳል፤ ኮንክሪቱ በእነዚያ ባዶ ቀዳዳዎች ልክ ይደክማል። ስታፋም እንደዚሁ ነው። የዓምዱን ቁመት ይዞ የሚሄደውን ፌሮ አቅፎ የሚይዘው ቀለበት ነው፤ ከላይና ከታች፣ ዓምዱ ከቢሙ በሚገናኝበት ቦታ፣ ጠበብ ተደርጎ መታሰር አለበት። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ሲደጋገም የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማባቸው ሌሊቶች፣ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ሳያውቀው የተማመነው በእነዚያ ቀለበቶች ነበር።

እንግዲህ ደረጃው ይህን የማያይ ከሆነ ለምን አስፈለገ? አስፈላጊ ነው። አሥር ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ሥራ አሥር ሺህ ብር ባለው ሰው እጅ ሲገባ መጨረሻው ይታወቃል፤ ቅድመ ክፍያው ያልቃል፣ ሥራው ይቆማል፣ ፌሮው ዝናብ ላይ ይዝጋል። ደረጃ ይህን ያስቀራል። በሩ ላይ ቆሞ "አንተ ለዚህ ገና ነህ" ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ የከፈለው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። በአዋጁ አከፋፈል አንድ ወለል ያለው፣ በተሸካሚ አካላቱ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ቤት ምድብ "ሀ" ነው። ከዚያ የሰፋው፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ያለው ሆኖ ከፍታው መጠነኛ የሆነው ምድብ "ለ" ነው። ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ ከፍ የሚል፣ ወይም ፋብሪካ፣ ወርክሾፕ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ከሆነ ምድብ "ሐ" ይባላል። በዚያ አከፋፈል የእናትየዋ ቤት ምድብ "ለ" ውስጥ ይወድቃል። ማዶ ያለው ባለ አምስት ወለል ኮንዶሚኒየም ምድብ "ሐ" ነው። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ባለሙያም ተቋራጭም ከፍ ይላል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ።

ችግሩ በሩ ከታለፈ በኋላ ነው። የመንግሥት ግዥ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 649፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1333 ይመራል። በተለመደው የግንባታ ጨረታ ደረጃው ማለፊያ ወይም መውደቂያ ነው። ደረጃ 5 ተጠይቆ ሁለት ደረጃ 5 ተቋራጮች ቢቀርቡ፣ አንደኛው ሃያ ዓመት ያለ እንከን የሠራ፣ ሁለተኛው ባለፈው ወር ማረጋገጫ ያወጣ ቢሆን፣ ሌሎቹን መስፈርቶች እስካሟሉ ድረስ ከዚያ በኋላ የሚያወዳድራቸው ዋጋ ብቻ ነው። ዝቅ ያለው ይወስዳል። ስለዚህ የጥራት ሸክም በሙሉ ያረፈው በዚያች አንዲት ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሯ ደግሞ፣ እንዳየነው፣ የምትመዝነው ንብረትና ወረቀት ነው።

ሰው የሚለካበትን ነገር ያሟላል። ይህ የሁሉም አገር ጠባይ ነው። ልኬቱ ወረቀት ሲሆን ወረቀቱ ገበያ ያገኛል። ኮንስትራክሽን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ "ሰርተፍኬት ማከራየት" ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃል። ገና የተመረቀ ወይም ሌላ ቦታ ተቀጥሮ የሚሠራ መሐንዲስ ማስረጃውን ለተቋራጭ ይሰጣል፤ በምትኩ በየወሩ ወይም በዓመት የተወሰነ ብር ያገኛል። ፋይሉ ላይ የድርጅቱ ሳይት ኢንጂነር እሱ ነው። ሳይቱን ግን አያውቀውም። ሳይቱ ላይ ያለው ፎርማኑ ነው። ሊብሬም እንዲሁ ለዕድሳት ሰሞን ብቻ ከወዳጅ ዘመድ ሊሰበሰብ ይችላል። አልፎ አልፎ ድርጅቱ ራሱ፣ ማኅተሙና ፈቃዱ፣ ሌላ ሰው እጅ ይገባል፤ ታፔላው ላይ ያለው ስምና ፌሮ የሚያስቆርጠው ሰው አይተዋወቁም።

አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ማስረጃውን እንዳከራየ ሳይደብቅ ነግሮኛል። ሥራ ሲፈልግ ወራት አልፈውታል። "ጋሼ፣ የሚቀጥረኝ ሳጣ የሚከራየኝ አገኘሁ" አለኝ። ልጁን ልኮንነው አልቻልኩም። እሱ በሌለበት ሳይት ላይ የሚሞላውን ኮንክሪት ሳስብ ግን ያመኛል። ነገሩ ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳው፤ ቤቱ መሐንዲስ ያጣል፣ መሐንዲሱም ሙያውን የሚማርበትን ሳይት ያጣል። በአምስተኛ ዓመቱ የአምስት ዓመት ልምድ ያለው ተብሎ ይመዘገባል። ያንን ዘመን ግን አልኖረበትም።

ኮንዶሚኒየሙ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ ስለሱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ማውራት አለብኝ። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር የተነሣው ቤት ለመሥራት ብቻ አልነበረም፤ ሥራ ለመፍጠርም ነበር። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ብሎኬት ያመርታሉ፣ በርና መስኮት ይበይዳሉ፣ ለወለል የሚሆነውን ፕሪካስት ቢም ይጥላሉ። ተቋራጮችም በብዛት ገቡ። ሲሚንቶውንና ፌሮውን በጅምላ እየገዛ የሚያቀርበው የቤቶች ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ ነበር፤ የተቋራጩ ድርሻ በዋናነት ሰው አሰማርቶ መሥራት ሆነ። ይህ አሠራር በጎ ጎኑ ትልቅ ነው። ለባንክ ማስያዣ የሌለው፣ ካፒታሉ አነስተኛ የሆነ ሰው ባለ አምስት ወለል ሕንፃ ሠርቶ ሙያ ያዘ። ዛሬ በከፍተኛ ደረጃ ላይ ካሉት ውስጥ እዚያ የተጀመረ ጉዞ ያላቸው አሉ።

ነገር ግን ዕቃው ከሌላ ሲመጣ አደራውም ይላላል። ሲሚንቶውን በራሱ ብር የገዛ ሰው ከረጢቱ ዝናብ ሲመታው ያመዋል። የተሰጠው ሰው ሁልጊዜ እንደዚያ አያመውም። በአንድ ሳይት ብዙ ተቋራጭ ሲሰማራና ተቆጣጣሪው ጥቂት ሲሆን፣ ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ብሎኮች መካከል ልዩነት ይፈጠራል። በከተማችን ዳር ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎችን ጠይቁ። አንዱ ብሎክ መወጣጫው ቀጥ ብሎ፣ ልስኑ ተስተካክሎ ያገኙታል፤ የሚቀጥለው ብሎክ ላይ ውኃ ከላይኛው መታጠቢያ ቤት ወደ ታችኛው ሳሎን ይወርዳል። ዲዛይኑ አንድ ነው፤ ሲሚንቶው ከአንድ መጋዘን የመጣ ነው፤ ተቋራጮቹም ተመሳሳይ ደረጃ የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለየው የሠራው እጅና የተቆጣጠረው ዓይን ነው። ደረጃ ስለ ጥራት ሊነግረን የማይችለውን ነገር ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። ያሳዝነኛል የምለው ግን ሌላ ነው። ጥሩውን ብሎክ የሠራው ተቋራጭ ለጥሩነቱ ከደረጃው ላይ ያገኘው ልዩ ነገር የለም፤ የሚያፈሰውን የሠራውም በዚያ ምክንያት ከደረጃው የወረደበት አጋጣሚ እምብዛም አይሰማም።

ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጥር ስንሻገር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የቂሊንጦና የቦሌ ለሚ ሁለተኛ ምዕራፍ ፓርኮች የዓለም ባንክ በ2006 ዓ.ም. ባጸደቀው የ250 ሚሊዮን ዶላር ብድር የተደገፉ ናቸው። በባንኩ ገንዘብ የሚሠራ ትልቅ ሥራ በባንኩ የጨረታ ሰነድ ይሄዳል። ያ ሰነድ ደረጃህ ስንት ነው ብሎ አያበቃም። ባለፉት ዓመታት በአማካይ በዓመት የስንት ብር ሥራ ሠራህ? ይህን የመሰለ ሥራ ስንት ጊዜ ጀምረህ ጨረስክ? ያልጨረስከው ውል፣ ፍርድ ቤት የቆመ ክርክር አለብህ? ብሎ ይቀጥላል። በዚህ መለኪያ አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ተቋራጮች ገና በሰነዱ ገጽ ላይ ይቀራሉ። ኢትዮጵያ ለውጭ ባለሀብት የከፈተችው ደረጃ 1ን ብቻ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 ከደረጃ 1 በታች ያለውን የግንባታ ሥራ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ከልሎታል። ያ ከለላ ተገቢ ነው። ከለላ ግን የማደጊያ ጊዜ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች የሥራ ታሪክ ሳይሆን የወረቀት ታሪክ ካጠራቀሙ፣ ደረጃ 1 ላይ ሲደርሱ ከውጭው ጋር የሚወዳደሩበት ነገር አይኖራቸውም።

ሌሎች አገሮችስ? ኬንያ ተቋራጮቿን በስምንት ትመድባለች፤ እንደኛው 1 ከላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ9 ትመድባለች፤ የእሷ ግን በተቃራኒው ነው፣ ትልቁ 9 ነው። የእማማ አቆጣጠር እዚያ ይሠራ ነበር። የደቡብ አፍሪካው ምዝገባ ከገንዘብ አቅም ጋር ድርጅቱ በቅርብ ዓመታት ያጠናቀቀውን ትልቁን ሥራ ይመለከታል። ከሁሉም ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው የጃፓኑ ነው። ጃፓን የግንባታ ድርጅቶችን ፈቃድ የሚመራ ሕግ ያወጣችው በጦርነት ከወደመች ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። እዚያም ባለሙያ ይጠየቃል፤ ግን በየቢሮው በቋሚነት የተመደበና የሚገኝ መሆን አለበት። የመንግሥት ሥራ የሚፈልግ ድርጅት በነጥብ ይመዘናል። በዚህ ላይ አሠሪው መሥሪያ ቤት ሥራው ሲያልቅ የተሠራውን ራሱን ነጥብ ይሰጠዋል፤ ያ ነጥብ ድርጅቱን ተከትሎ ወደሚቀጥለው ጨረታ ይሄዳል። ክፉ የሠራ ክፋቱን ይሸከማል፤ ደግ የሠራም ደግነቱ ብር ይሆንለታል።

ይህን ለማድረግ ጃፓን መሆን አያስፈልግም። የእኛ አሠሪ መሥሪያ ቤቶች ጊዜያዊና የመጨረሻ ርክክብ ያደርጋሉ፤ አማካሪው መሐንዲስ የክፍያ ሰርተፍኬት ያጸድቃል፤ የኩብ ውጤት በፋይል ይቀመጣል። መረጃው አለ። የጎደለው ያ መረጃ ደረጃ ወደሚሰጠው ቢሮ የሚሄድበት መንገድ ነው። ዕድሳት የሚጠይቅ ተቋራጭ የሊብሬውን ኮፒ ሲያያይዝ፣ ያስረከባቸውን ሥራዎች የኩብ ውጤትና የርክክብ ቃለ ጉባኤ አብሮ እንዲያያይዝ ቢደረግ፣ መሐንዲሱም ሳይት ላይ መዋሉ በአማካሪው ፊርማ ቢረጋገጥ፣ ቁጥሩ ትርጉም ያገኛል። የሚመለከታቸው ሰዎች ይህን ያነበቡ እንደሆነ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህችን አንዲት ነገር ብቻ እንዲያስቧት እለምናለሁ።

አሁን ወደ ቂሊንጦዋ እናት ልመለስ።

በሰፈሩ መሬት የሚሠራ ሰው ከተቋራጩ በፊት ማወቅ ያለበት አፈሩን ነው። ገበሬው መረሬ ይለዋል፤ ጥቁሩን፣ በክረምት እግር የሚውጠውን፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቀውን አፈር። ለጤፍና ለሽምብራ በረከት ነው። ለቤት ግን ጠላት ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ላዩ ላይ የተቀመጠን መሠረት በየዓመቱ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። አዲስ ቤት በሁለተኛው ክረምት ከበርና ከመስኮት ጥግ ጀምሮ ሰያፍ ሲሰነጠቅ የሚታየው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። መድኃኒቱ ይታወቃል። እስከሚቻለው ቆፍሮ ማውጣት፣ በማያብጥ አፈር መሙላትና ንብብር በንብብር መጠቅጠቅ፣ መሠረቱን ጠንካራው መሬት ላይ ማድረስ፣ የዝናቡን ውኃ ከግድግዳው ማራቅ። ይህ ሁሉ ብር ይጠይቃል፤ ሲያልቅም መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የሚታይ ነገር ስላልሆነ፣ ዋጋ መቀነስ የፈለገ ተቋራጭ መጀመሪያ የሚቀንሰው ከዚያ ነው።

የሁለቱን ተቋራጮች ዝርዝር ከእማማ ጋር ቁጭ ብለን መስመር በመስመር አየን። የደረጃ 8ቱ ዋጋ የረከሰው ለቁፋሮ ያስገባው ጥልቀት ትንሽ ስለሆነና የሙሌት አፈር የሚል መስመር ስላልነበረው ነው። የደረጃ 5ቱ ሁለቱንም አስገብቷል። ይሁን እንጂ ሳይት ላይ ማን እንደሚውል ስንጠይቅ ጥርት ያለ መልስ አልሰጠንም። እማማም ወዲያው አልፈረሙም። "የሠራኸውን ቤት አሳየኝ" አሉት። ሁለት ቤቶች አሳያቸው። ለብቻቸው ተመልሰው ሄደው፣ በአንዱ ቤት ውስጥ የሚኖሩትን ሴት ቡና ጋብዘዋቸው ጠየቋቸው። በየትኛውም መዝገብ ላይ የማይገኘውን ምዘና እሳቸው በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ከዚያ ፈረሙ፤ የሳይት መሐንዲሱ ስምና በሳምንት የሚገኝባቸው ቀናት ውሉ ላይ እንዲጻፍ አድርገው።

አንድ ነገር ሳልነግራቸው አልተለየኋቸውም፤ ለአንባቢም ልንገር። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ላይ የሚለው አለ። ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ዋስ ነው። በአሠራሩ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ሕንፃው በተሠራበት መሬት ጠባይ የተነሣ ለሚመጣውም ጉዳት ይጠየቃል። ሐሳቡ የፈረንሳይ ሕግም ያለው ነው፤ ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ እንደነበሩ የሚያውቅ አይገረምም። ተቋራጩ ደረጃ 1 ይሁን ደረጃ 10 ሕጉ ልዩነት አያደርግም። "መረሬ መሆኑን አላወቅኩም" የሚል ተቋራጭ በዚህ ድንጋጌ ፊት ማምለጫ የለውም።

ዋስትናው ግን ለሚያስረዳ ሰው ነው የሚሠራው። ውሉን፣ የተፈረመበትን የዋጋ ዝርዝር፣ የክፍያ ደረሰኞችን፣ የኩብ ውጤቱን፣ ርክክብ የተደረገበትን ቀን የያዘውን ወረቀት በአንድ ፋይል አድርጋችሁ አሥሩን ዓመት ሙሉ አስቀምጡ። የመሠረቱ ጉድጓድ ተቆፍሮ ባለቀ ቀን ደግሞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ኮንክሪት ሳይፈስበት ሄዳችሁ ወደ ታች እዩ። ሜትር ይዛችሁ ጥልቀቱን ለኩ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት። ታች ያለው አፈር አሁንም ጥቁር ከሆነ ሙሌቱ እንዳይጀመር ንገሯቸው።